መዝገብ ቁጥር የሌለው አቤቱታ

ወሎ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ትንኮሳ ወይም አድልዎ ሲደርስበት የመጀመሪያው ምክር ብዙ ጊዜ ከዶርም ጓደኛ ይመጣል፤ «ሂጂና ለዲፓርትመንት ኃላፊው ንገሪው»። ምክሩ ክፋት የለውም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ቱሉ አውሊያ፣ ከዚያ የሚከተለው ግን ብዙም አይለያይም። ኃላፊው በሩን ገርበብ አድርጎ ይሰማል፣ ያዝናል፣ «እሺ፣ መምህሩን አናግረዋለሁ» ይላል። ያናግረዋልም፤ ምናልባትም መምህራን ክበብ ውስጥ ቡና እየጠጡ። ሳምንት ሳይሞላ መምህሩ ማን እንደከሰሰው አውቋል። ከሳሿ ግን መክሰሷን የሚያሳይ ብጣሽ ወረቀት እጇ ላይ የለም። ሴሚስተሩ አልቆ ውጤት ሲለጠፍ «ተበቀለኝ» ብትል «መቼ ከሰስሽው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው «ዝም አትበሉ» ብሎ ያበቃል። ዝም አለማለት ግን ግማሽ መንገድ ነው። በእኛ ቢሮክራሲ በአፍ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስለዚህ ከሕጉም ከዲሲፕሊን ኮሚቴውም በፊት ስለ መዝገብ ቤት ማውራት ይሻላል፤ አሰልቺ መስሎ ስለሚታይ ሁሉም የሚዘለው እሱን ነው።

አቤቱታውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚል ማህተም፣ ቀን፣ መዝገብ ቁጥርና የተቀባዩ ፊርማ አርፎበት ይመለስላችኋል። እሱን እዚያው በር ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፤ ዶርም ሎከር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በምትጽፉት ደብዳቤ ሁሉ «በቀን … በቁጥር … ያቀረብኩትን አቤቱታ ይመለከታል» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ይህች አንዲት መስመር ቢሮውን መልስ ለመስጠት ታስገድዳለች፤ ቢዘገዩም ምን ያህል እንደዘገዩ ይታያል።

መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ «ይሄ እዚህ አይገባም፣ ለራሳቸው ስጫቸው» ልትል ትችላለች። ያኔ ለኃላፊው ጸሐፊ ሰጥቶ በቅጂው ላይ ስምና ፊርማ ማስፈረም ነው። እሷም እምቢ ካለች በዚያው ቀን በኢሜይል መላክ፣ ወይም ፖስታ ቤት ሄዶ በአደራ ደብዳቤ መላክና ደረሰኙን መያዝ። ሌላው ሥጋት ምስጢር ነው። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ያልፋል፤ ደሴ ደግሞ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ የጸሐፊዋ የእህት ልጅ የእናንተው ሴክሽን ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዝርዝሩን በታሸገ ፖስታ አድርጉት፤ ፖስታው ላይ «ምስጢር» እና የተቀባዩን ኃላፊነት ብቻ ጻፉ። ለምዝገባ የሚሆነው ባለ ሁለት መስመር መሸኛ «ጉዳዩ፡- የሥነ ምግባር አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል» ቢል በቂ ነው። ማህተሙ የሚያርፈው መሸኛው ላይ ነው። መሸኛው ላይ «ከ6 ገጽ አባሪ ጋር» ብሎ የገጹን ብዛት መጻፍ አይረሳ፤ ከመንገድ የሚጠፋው ሁልጊዜ አባሪው ነው።

አሁን ደብዳቤው ውስጥ ወደሚጻፈው እንግባ። «መምህሩ ባሕርይው ጥሩ አይደለም፣ ሴት ተማሪዎችን ያስቸግራል» የሚል ደብዳቤ እውነት ቢሆንም ኮሚቴ ፊት አይቆምም፤ ተከሳሹ «አላስቸግርም» ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዲህ ተብሎ የተጻፈውን ግን በቀላሉ አያልፉትም፦ «ጥቅምት 18 ቀን ከቀኑ 11፡30 ገደማ የላብራቶሪ ሪፖርት ለማስረከብ ቢሮው ስገባ በሩን ዘግቶ ‹ውጤትሽ እኔ እጅ ነው፣ ማታ ከደወልኩልሽ አንሺ› አለኝ። በሩ ሲዘጋ አብራኝ የመጣችው የክፍሌ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ማታ 3፡10 ደወለ፣ አላነሳሁም። 3፡14 በቴሌግራም ጻፈ፣ አባሪ 1 ይታይ።» ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል በቀጥታ፣ ማን ነበር፣ ከዚያ ምን ሆነ። ስድብና ግምት አይግባበት። «ሌሎቹንም እንዲህ እንደሚያደርግ ሰምቻለሁ» የሚለው መስመር ደብዳቤውን ያዳክመዋል፤ ሌሎቹ ራሳቸው በየፊናቸው ይጻፉ።

ሰዓት ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር «ጥቅምት 18፣ ማታ 3፡14» ሲል ስክሪንሾቱ ግን «ኦክቶበር 28፣ 21፡14» ይላል። ለምናውቀው አንድ ነው። ነገር ግን ከወራት በኋላ ፋይሉን የሚያነብ ሰው ፊት፣ በተለይ ተከሳሹ ጠበቃ ይዞ ከመጣ፣ ልዩነቱ «ቀኑ አይገናኝም» ተብሎ ይቀርባል። በእያንዳንዱ አባሪ ጥግ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር በእስክሪብቶ ጻፉ።

ቴሌግራም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በግል ቻት የጻፈው ሰው መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ከጠፋ በኋላ ምንም ምልክት አይቀርም። መልእክቱ እንደደረሰ መልስ ሳትሰጡ ስክሪንሾት አንሱ። የላኪው ስም ብቻ የሚታይበት ምስል ደካማ ነው፤ ስምና ዩዘርኔም በደቂቃ ይቀየራሉ። ፕሮፋይሉን ከፍታችሁ ስልክ ቁጥሩ የሚታይ ከሆነ እሱንም አንሱ። ቀጥላችሁ ስክሪን ሪከርድ ከፍታችሁ ከቻት ዝርዝሩ ወደ ፕሮፋይሉ፣ ከፕሮፋይሉ ወደ ንግግሩ እየገባችሁ ከላይ እስከ ታች ቅረጹ፤ ተቆርጦ ተቀጥሏል የሚለውን ክርክር የሚመልሰው ይህ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው በቴሌግራም ዴስክቶፕ ቻቱን በሙሉ ኤክስፖርት ማድረግ ይችላል። የሚያሳፍር መልስ ሰጥታችሁ ከሆነም አታጥፉት። ግማሹ የጎደለ ንግግር ማቅረብ ሙሉውን ከማቅረብ የበለጠ ይጎዳል። ድምፅ በስውር ስለመቅዳት ግን ከመቅዳታችሁ በፊት የሕግ ሰው ጠይቁ።

ምስክር የሚሆኑ ጓደኞች ካሉ በዚያው ቀን፣ በየራሳቸው ቃል፣ ለብቻቸው ተቀምጠው ይጻፉ። ዶርም ውስጥ አንዷ ስትጽፍ ሌሎቹ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ በደግነት ነው የሚደረገው። ሦስት ምስክሮች በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲመሰክሩ ግን ኮሚቴው ሦስቱንም ይጥላል።

ሦስት መንገዶች፣ ሦስት ጠረጴዛዎች

አቤቱታዎች የሚሞቱበት ሁለተኛው ምክንያት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ደብዳቤ ውስጥ መግባታቸው ነው። «ተነኮሰኝ፣ እምቢ ስለው ኤፍ ሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ ሬጅስትራር ቢገባ የውጤት ቅሬታ ተብሎ ይታያል፤ ተማሪዎች ዲን ቢገባ «ውጤት የእኛ ሥራ አይደለም» ይባላል። የውጤቱ ጥያቄ በሴኔት ሌጅስሌሽኑ (በዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) የተወሰነ አጭር ጊዜ አለው፤ ሪማርክ፣ ማለትም ፈተናው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ፣ በቀናት የሚቆጠር ነው። ለብቻው በዲፓርትመንቱ በኩል ይሂድ፤ ፈተናውን ሌላ መምህር እንዲያየው ተጠይቆ፣ የኳይዝ፣ የአሳይንመንትና የሚድ ውጤቶች ተያይዘው። (ኮንቲኒየስ አሰስመንት፣ ማለትም በሴሚስተሩ መካከል የሚሰጡት ምዘናዎች ውጤት፣ ሲለጠፍ ፎቶ የማንሳት ልማድ ለሁሉም ተማሪ ይጠቅማል፣ ክስ ኖረውም አልኖረው።) የሥነ ምግባሩ አቤቱታ ደግሞ በራሱ መዝገብ ቁጥር ይሂድ። አንዱ ሌላውን በቁጥር ሊጠቅስ ይችላል፤ አንድ ወረቀት ላይ ግን አይደባለቁ።

የዲሲፕሊን መንገዱ በግርድፉ እንዲህ ነው። አቤቱታው ለኮሌጁ ዲን ወይም ለፕሬዚዳንቱ ይገባል፤ ግልባጭ ለሥርዓተ ፆታ ወይም ሴቶች ጉዳይ ቢሮው፣ እንደየግቢው ስሙ ይለያያል። ኮሚቴው ክሱን ለተከሳሹ በጽሑፍ ይሰጣል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ምስክር ይሰማል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ተከሳሹ ክሱን የማየት መብት አለው፤ ስለዚህ «ስሜ እንዳይታወቅ» ብሎ መክሰስ በተግባር አይሠራም። የአስተያየት ሳጥን ውስጥ የገባ ስም አልባ ወረቀት አንድ ስም ደጋግሞ እንዲነሳ ያደርጋል እንጂ ሰው አያስቀጣም። ይህን አስቀድሞ የሚነግር የለም፤ ተማሪዋ ስሟ እንደሚነበብ ስታውቅ ትደነግጥና ክሷን ታነሳለች።

ለዚህ ነው የደብዳቤው መጨረሻ አንቀጽ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው፦ ጉዳዩ እስኪጣራ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ በግልጽ መጠየቅ። «ተገቢው እርምጃ ይወሰድልኝ» ማለት ምንም አለመጠየቅ ነው። ፈተናዬን ሌላ መምህር ያርም፣ ሴክሽን ልቀየር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዬ ይቀየር፣ ተከሳሹ በምንም መንገድ እንዳያገኘኝ በጽሑፍ ይነገረው፣ ዶርም ልቀየር። እነዚህን ኃላፊው ጥፋተኝነት ሳይወስን በአንድ ፊርማ መፈጸም ይችላል። ዋናው ውሳኔ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ተማሪዋን በትምህርቷ ላይ የሚያቆያት ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የወንጀል ክስ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 መምህርን በስም ጠርቶ ይጠቅሳል፤ በሥልጣኑ ወይም በኃላፊነቱ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ወይም ሌላ ለንጽሕና ተቃራኒ የሆነ ድርጊት ያደረገ ይቀጣል። ግን በአቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ተበዳይዋ ራሷ ካላመለከተች ፖሊስ አይጀምረውም፣ የማመልከቻ ጊዜውም ያልፋል። አስገድዶ መድፈር ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ወይም ሽማግሌ «ጨርሰነዋል» ስላሉ አይዘጋም። በአስተዳደር በኩል ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለጾታዊ ትንኮሳ ትርጉም ሰጥቶ ከልክሎት ነበር። ይህ አዋጅ ከዚያ ወዲህ በአዲስ ስለተተካ ደብዳቤ ላይ አንቀጽ ከመጥቀሳችሁ በፊት የሕግ ትምህርት ቤቶቹን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ጠይቁ። በስህተት የተጠቀሰ አንቀጽ ከሚገባ ምንም ባይጠቀስ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

ጥቃቱ አካላዊ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ ሆስፒታል ነው፤ የግቢው ክሊኒክ ለዚህ አይበቃም። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚኬደው ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ኮምቦልቻ ያለች ተማሪ ሐረጎን ወጥታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፣ ማታ ደግሞ ሚኒባስ የለም። ፕሮክተሯን (የዶርም ተቆጣጣሪዋን) ቀስቅሶ የግቢውን አምቡላንስ ማስጠራት ያስፈልጋል። የሆነውን ለፕሮክተሯ መተረክ ግዴታ አይደለም፤ «ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ሆስፒታል ልሂድ» ብቻ ይበቃል።

የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ፋርማሲ የሚሸጠው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ ፖስትፒልም፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተወሰደ መጠን ይበልጥ ይሠራል። ከምርመራው በፊት አለመታጠብ ከባድ ምክር ነው፤ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መታጠብ ነው። ታጥባ ከሆነም ትሂድ፤ ሕክምናውም የአካል ምርመራውም አሁንም ይጠቅማል። ልብሱ በፌስታል አይቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታ ማስረጃውን ያጠፋዋል፤ ካኪ ፖስታ ወይም ጋዜጣ ይሻላል። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። ለፍርድ ቤት የሚሆነው የሕክምና ማስረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ጥያቄ ስለሚጻፍ፣ ስትችል የከተማው ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ዘንድ ትሄዳለች። ከዚህ ጥቃት የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 የተፈቀደ ነው። አንቀጽ 552 እንደሚለው የእሷ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስም የፍርድ ቤትም ወረቀት አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ የጤና ሠራተኛ ካጋጠመ አንቀጹን መጥራት ይጠቅማል።

ሽምግልና እና «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም»

ወሎ በፍቅር አገርነቱ ይኮራል፤ ኩራቱም መሠረት አለው። አንድ ቤት ውስጥ ፋሲካም ዒድም የሚከበርበት አገር ነው። ይህ ኩራት ግን ቢሮ ውስጥ ሲገባ ሌላ መልክ ይይዛል። በብሔሩ ተሰደብኩ ያለ ተማሪ «እኛ ወሎዬዎች እንዲህ አናውቅም» ይባላል፤ በሃይማኖቷ ወይም በአለባበሷ ተከለከልኩ ያለች «ተሳስተሽ ይሆናል፣ እዚህ እኮ ተዋልደን ነው የምንኖረው» ትባላለች። መልካም ስሙን ለመጠበቅ ሲባል አቤቱታው ራሱ ነውር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም ኃላፊ የዶርም ስድብን «የልጆች ነገር» ብሎ ማለፍ አልነበረበትም። በቴሌግራም ግሩፕ ብሔርን እየጠራ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ተብሎ የሚያስቀጣ ነው፤ አያያዙ ከላይ እንደተባለው ስክሪንሾትና ቅጂ ነው። እግረ መንገዱን፣ ይኸው ጥንቃቄ ለከሳሹም ነው፦ የመምህሩን ፎቶና ስም ፌስቡክ ላይ ከለጠፉ በኋላ የስም ማጥፋት ክስ ተከሳሽ ሆኖ መገኘት አለ። መለጠፉ ነገሩን ያፋጥናል የሚሉ አሉ፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ግን የተመዘገበ አቤቱታ ሳይኖር አይደረግ።

ስለ ሽምግልና በደፈናው ክፉ መናገር አልፈልግም። በወሎ ገጠር አባጋሮች (የዕርቅ ሽማግሌዎች) ደም የተቃባ ወገን አስታርቀዋል፣ ፖሊስ ያልቻለውን አብርደዋል። ያ ዕርቅ የሚሠራው ሁለቱም ወገን እዚያው አገር ስለሚኖር፣ መሐላ ስላለበት፣ ካሣ ስላለበት፣ ያፈረሰውን ማኅበረሰቡ ስለሚያገልለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ሽምግልና» የሚባለው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሁለት መምህራንና አንድ የሃይማኖት አባት ተጠርተው፣ ከሁለት ወር በኋላ የምትመረቅ ልጅ ፊት «ይቅርታ ብሎሻል፣ ልጄ፣ ይበቃል፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ» ይባላል። ካሣ የለም፣ መሐላ የለም፣ ሰውየው ግን በመጪው ዓመት አዲስ ሴክሽን ያስተምራል። አንደኛው ወገን የሌላውን ውጤት የሚሞላ ከሆነ ሽምግልና አይሆንም፤ ይህ የእኔ አቋም ነው። በዶርም ጓደኞች መካከል ለተነሳ ጠብ ግን ብዙ ጊዜ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

እንቢ ማለት የማይቻልበት ሁኔታ አለ፤ ሽማግሌው አጎት ከሆነ ወይም ከቤተሰብ ከተደወለ። እንግዲያስ የተስማሙበት በጽሑፍ ይሁን፣ ማን እንደሚከታተለው ይጻፍበት፤ «ክሴን ሙሉ በሙሉ አንስቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ቀን አትፈርሙ። «አንብቤው ነገ አመጣዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም።

አድልዎን ማሳየት ከትንኮሳ ይከብዳል፤ ቴሌግራም ላይ አይጻፍምና። «ስለጠላኝ ነው» የሚል አቤቱታ የሰውን ልብ ማስረዳት ይጠይቃል፤ አይቻልም። የሚቻለው ንጽጽር ነው። አንድ ደንብ፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ተማሪ፣ ሁለት ዓይነት ውሳኔ። «ሁለታችንም ያመለጠንን ፈተና በሌላ ቀን ለመፈተን (ሜክአፕ) ጠየቅን፣ ሁለታችንም የሕክምና ወረቀት አቀረብን፣ ለእሱ ተፈቀደ፣ ለእኔ ተከለከለ» የሚለው ኃላፊውን ምክንያት እንዲሰጥ ያስገድደዋል። በር ላይ ወይም ፈተና ክፍል ውስጥ በአለባበስ የተከለከለ ሰው ደግሞ እዚያው ከመጨቃጨቅ የከለከለውን ሰው ኃላፊነት፣ ሰዓቱንና የተናገረውን መዝግቦ፣ በማግስቱ «የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ብሎ ማስገባት ነው። የሌለ መመሪያ በጽሑፍ አይሰጥም፤ ካለም ይግባኝ የሚባልበት ነገር ይገኛል።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ችግሩ በየፈተናው ይደጋገማል፦ የተመደበው አንባቢ የትምህርቱን ቃላት አያውቅም፣ ተጨማሪ ሰዓቱ ይረሳል። ጥያቄው ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ለልዩ ፍላጎት ቢሮው በጽሑፍ ቢገባ፣ ግልባጩም ለእያንዳንዱ መምህር ቢሰጥ፣ የፈተና ቀን «አልሰማሁም» አይባልም። ለዊልቸር የማይመች ሕንጻን በተመለከተ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዛል። ራምፕ እስኪሠራ ደግሞ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ይቀየር ማለት ይቻላል፤ ይህ ሲሚንቶ አይፈልግም፣ የፕሮግራም ሉሁን ማስተካከል ብቻ ነው።

ማን ቀጠረው?

ከግቢ ውጭ ለልምምድ የወጣ ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የጤና ተማሪ ሆስፒታል አታችመንት ላይ ሳለች ያስቸገራት ሰው የዩኒቨርሲቲው መምህር ሊሆን ይችላል፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ነጭ ጋውን ነው የለበሱት። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ የሆስፒታሉን ሠራተኛ መቅጣት አይችልም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ወይም አንዱ ፋብሪካ ኢንተርንሺፕ የወጣ የኢንጂነሪንግ ተማሪም እንደዚሁ። በግል ድርጅት በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ልምምድ ላይ ያለ ተማሪ ሠራተኛ ነው ወይ የሚለው ግን ያከራክራል። ስለዚህ ሁለት ደብዳቤ ይጻፍ፤ አንዱ ለድርጅቱ ወይም ለሆስፒታሉ የሰው ሀብት፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲው ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮና ለዲፓርትመንቱ፣ ቦታ እንዲቀየርና ያለፉት ሳምንታት እንዲያዙ የሚጠይቅ። ሁለተኛው ደብዳቤ ካልተጻፈ ተማሪዋ ቦታውን ትታ በመሄዷ ልምምዷ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል።

ድጋፍ ከክስ ተለይቶ ይታይ። ሳይከሱ መታገዝ ይቻላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ይተዋል። የሥርዓተ ፆታ ቢሮው የመቅጣት ሥልጣን የለውም፤ አብሮ መሄድ፣ ዶርም ማስቀየር፣ አማካሪ ማገናኘት ግን ይችላል። እንቅልፍ ለጠፋበት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ለሚያስብ የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ እዚያ መሄድ ክስ እንደማይጠይቅ ደግሞ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ሴታዊት የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው የሚሆነው አለኝታ የስልክ መስመር 6388 ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም በነፃ ያማክራል።

ተማሪ መጀመሪያ የሚጠጋው ግን የየሃይማኖቱን የተማሪ ኅብረት፣ ግቢ ጉባኤን፣ ጀመዓን ወይም ፌሎሺፑን ነው። በምግብ፣ በገንዘብ፣ ሌሊት አብሮ በማደር ማንም ቢሮ አይስተካከላቸውም። አልፎ አልፎ ግን ስሟን ለመጠበቅ በማሰብ «በእኛው ይያዝ» ይላሉ፤ ያኔ የማስረጃው ጊዜ ያልፋል። ከእነሱ መካከል አንዲት የምትታመን ታላቅ እህት መርጦ ለእሷ ብቻ መናገር ይሻላል። ጓደኛ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ደግሞ «ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» የሚለው ጥያቄ ይቅርበት፤ መርማሪው ይጠይቃታል። ይልቅ ወረቀቱን አብሮ ያሳትም፣ ኮሚቴው በር ላይ አብሮ ይቀመጥ፣ ያመለጣትን ሌክቸር ኖት ያምጣላት።

ዩኒቨርሲቲው ዝም ካለ፣ በደብዳቤ ሁለቴ ተጠይቆ ካልመለሰ፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሉ፤ ሁለቱም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው፣ አገልግሎታቸውም በነፃ ነው። እንባ ጠባቂ «በተቋሙ ውስጥ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እነዚያ ማህተም ያረፈባቸው ቅጂዎች ናቸው። ከደሴ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ሁልጊዜ የሚታመን ስላልሆነ በፖስታ መላክ ይቻላል። ሰነዶቹን በቀን ቅደም ተከተል አድርጉ፣ ገጾቹን ቁጠሩ፣ ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን ላኩ።

ተመራቂ ለሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ክሊራንስ (ከግቢው የመሰናበቻ ርክክብ) ጨርሶ መታወቂያውን ያስረከበ ተማሪ ጉዳዩ እየታየ ቢሆን እንኳ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋበት ይችላል፣ ጥሪውም ዲፓርትመንት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና «ተጠርታ አልቀረበችም» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ክሊራንስ ከመጀመሩ በፊት ለኮሚቴው ጸሐፊ አዲስ አድራሻ፣ የግል ኢሜይልና ሁለት ስልክ ቁጥር፣ አንዱ የሚታመን ዘመድ ቁጥር የሆነ፣ በደብዳቤ ይስጥ። በስልክ ወይም በጽሑፍ ቃል መስጠት እንደሚፈልግም እዚያው ይጻፍ። ይህም ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ነው የሚገባው።